ቡናውን ልቀቁት፤ እሳቱን ክሰሱት

ባለፈው ሰሞን ከመካከላችን አንዱ የቀረበለትን ማኪያቶ በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገና «እኔ ቡና ትቻለሁ» አለን። ልጁ የቴፒ ልጅ ነው። የቴፒ ልጅ ቡና ተወ ማለት የአፋር ልጅ ጨው ጠላ እንደማለት ነውና ክው ብለን ቀረን። ምን ነካህ ስንለው ስልኩን አውጥቶ አሳየን፤ «ልብዎን ቀስ በቀስ የሚገድሉ አሥር ነገሮች» የሚል ዝርዝር። ጮማ አንደኛ፣ ጭንቀት ሁለተኛ፣ ሲጋራ ሦስተኛ፣ ቡና አራተኛ። ከዚያ ወዲህ ጂም አለመሄድ፣ አምሽቶ መብላት፣ ደረጃ እያለ ሊፍት መጠቀም። ሊፍት! ዝርዝሩን ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው ቴፒ ላይ ስንት ሊፍት እንዳለ ቀድሞ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?

ስቀን ተለያየን። ነገሩ ግን ሲከነክነን ሰነበተ። ከመካከላችን ሁለቱ ሚዛን ነው የተማሩት፤ ሚዛን ላይ ደግሞ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድም ቦታ የሌላቸው እናት ነበሩን። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ጠብ ነው። ጠቡም ከዝርዝሩ ጋር፣ ዝርዝሩን እንዳለ ከሚገለብጡልን የጤና ገጾችና የሬዲዮ ፕሮግራሞች ጋር፣ «የልብ በሽታ የሀብታም በሽታ ነው» ከሚለው ከሁላችንም ጋር ነው።

እኚህ እናት አከራያችን ነበሩ። ሚዛን ተፈሪ (አሁን ከአማን ጋር ተዋህዶ ሚዛን አማን ይባላል፤ የእኛ አፍ ግን የለመደው ሚዛን ተፈሪን ነው) ከከተማው ወጣ ብሎ ባለች አንዲት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ያከራዩ ነበር። እማማ ነበር የምንላቸው። ስልሳ አልሞላቸውም። ቀጭን ናቸው፤ ዳገቱን ጀሪካን አዝለው ሲወጡ እኛ ወጣቶቹ ከኋላ ቁና ቁና እየተነፈስን ነበር የምንከተላቸው። ጮማ የሚያዩት በዓመት በዓል ነው፤ በአዘቦት ቀን ጎደሬ፣ ቆጮ፣ ጎመን፣ ሙዝ። ሲጋራ አያውቁም። መጠጥ ቢባል ለሰርግ አንድ ብርሌ። ቡና ግን በቀን ሦስቴ ይፈላል፤ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይንፈቀፈቃል። ማድ ቤቷ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራች፣ መስኮት የሌላት፣ ጣሪያዋ በጥቀርሻ የጠቆረ ነበረች። ሚዛን ደግሞ ታውቁት የለ፣ ዓመቱን ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይዘንባል። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ በሩ በዝናቡ ምክንያት ገርበብ ብሎ ይዘጋል፣ ጭሱ መውጫ አጥቶ ይዞራል።

«ልጆቼ፣ እናንተ በር ላይ ተቀመጡ፤ ጭሱ ይከፋባችኋል» ይሉን ነበር። እኛ በር ላይ፣ እሳቸው ውስጥ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ዓይናቸው ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ ሁልጊዜም በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል። እኛ ደግሞ ትምህርት የገባን ተማሪዎች ነንና «እማማ፣ ይሄ ጭስ ሳንባዎን ይጎዳዎታል» ብለን እንመክራቸው ነበር። ሳንባ! ከዚህ በላይ የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከሆዳቸው በላይ፣ እምብርትና ደረት መሃል፣ ያቃጥላቸው ጀመር። አቅለሸለሻቸው፣ በብርዱ ላብ አጠመቃቸው። ከመካከላችን አንዱ ደግፎ ወደ ጤና ተቋም ወሰዳቸው (ስሙን አንጠራም፤ እንደሱ ያለ በየከተማው አለ)። የተጠየቁትን ዛሬም ቃል በቃል እናስታውሰዋለን። ሲጋራ ያጨሳሉ? አይ ልጄ። መጠጥ? አይ። ስኳር አለብዎት? ኧረ የለብኝም። የደም ግፊት? ተለክቼ አላውቅም። «እንግዲህ ጨጓራ ነው እናቴ፤ ቡና ይቀንሱ» ተባሉና የጨጓራ መድኃኒት ይዘው ተመለሱ። ረቡዕ ንጋት ላይ እሳት ሊያያይዙ ወጥተው ማድ ቤቷ ደጃፍ ላይ ወድቀው ተገኙ። ጎረቤት «ምች ነው» አለ፤ ሌላው «ደህና አድራ፣ ሳትታመም ሄደች» አለ። ልባቸው ይሁን ሌላ ማንም አልመረመረም። የልብ ምት የሚያነብ የኢሲጂ ወረቀት አንድም ቀን አልተነሳላቸውም።

ልብ ይሏል፤ አራት ጥያቄ ተጠይቀው አራቱንም በንጽህና አልፈዋል። ያልተጠየቁት አምስተኛው ነው፦ በምን ነው የሚያበስሉት?

ለምን አልተጠየቁም? የሕክምና ባለሙያውን ሰነፍ ነው ብለን ለመሳደብ አልተነሳንም። ወጣት ነበር፣ ከጠዋት ጀምሮ ሰልፍ ሲያስተናግድ የዋለ፣ የተማረውን የጠየቀ። ችግሩ የተማረው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ከአምስት ሺህ በላይ ነዋሪዎችን መዝግበው ዕድሜ ልካቸውን መከታተል ጀመሩ። «አጋላጭ ምክንያት» የሚለውን አነጋገር በ1961 ባሳተሙት ጽሑፍ ያስፋፉትም እነሱ ናቸው። የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ ለልብ ጠላት መሆናቸውን ዓለም በቅጡ የተረዳው ከዚያ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ ባርኔጣ ያስወልቃል። ነገር ግን የፍራሚንግሃም ሰው አብዛኛው ነጭ ነበር፤ የሚያበስለውም በጋዝና በኤሌክትሪክ። በማድ ቤቱ የሌለውን ጭስ ማን ብሎ ይጠይቀዋል?

ቀጥሎ በ2004 «ኢንተርሃርት» የተባለው ግዙፍ ጥናት ወጣ። ሃምሳ ሁለት ሀገሮች ተካተውበታል። ዘጠኝ ነገሮች፣ ማለትም ሲጋራ፣ የደም ቅባት፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ቦርጭ፣ ጭንቀት፣ አትክልትና ፍራፍሬ አለመብላት፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ማነስና የአልኮል ነገር፣ በወንዶች 90 በመቶውን፣ በሴቶች 94 በመቶውን የሃርት አታክ አደጋ ያብራራሉ ተባለ። ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ ዘጠኝ ሀገሮች ገብተዋል፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ካሜሩን እያለ እስከ ሲሸልስ ድረስ ይሄዳል። ኢትዮጵያ የለችበትም። የማገዶ ጭስም ከዘጠኙ አንዱ አይደለም። እኛ ያልተቆጠርንበት ቆጠራ ነው እንግዲህ ተመልሶ ሚዛን ላይ አንዲት እናትን «ንጹሕ ነሽ» ብሎ የሸኘው።

እዚህ ላይ ትንሽ እናቋርጥና አንድ የቃል ነገር እናጥራ። በአማርኛችን ልብን የነካ ነገር ሁሉ «የልብ ድካም» ነው። የልብ ድካም ግን ልብ ደም የመግፋት አቅም ሲያንሰው የሚመጣ፣ ቀስ የሚል በሽታ ነው። ሃርት አታክ ሌላ ነው፤ ለራሱ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው የደም ቧንቧ በድንገት በረጋ ደም ሲዘጋና ጡንቻው በረሃብ መሞት ሲጀምር ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታችን አንድ ጉዳት አለው፤ «ድካም» ሲባል የሚታየን ያበጠ እግር ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ቡና ሲቆሉ የነበሩ፣ «ጨጓራዬን» እያሉ ያላባቸው እናት አይታዩንም። ሃርት አታክ ደግሞ በተለይ በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕመምተኞች ላይ ሁልጊዜ ደረትን ጨምድዶ አይመጣም። ማቅለሽለሽ፣ የላይኛው ሆድ ማቃጠል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የመንጋጋ ወይም የጀርባ ሕመም፣ ያለምክንያት ማላብ ሆኖ ይመጣል። ሀገሩ ሁሉ ጨጓራ ታማሚ በሆነበት ሀገር ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ከየት ይገኛል?

ወደ ጭሱ። የማገዶ ጭስ ሳንባን ይጎዳል፣ ዓይን ያጠፋል የሚለውን ሁሉም ያውቃል። እኛን ያስደነገጠን የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ከነዚህ ውስጥ ከነጠላ በሽታዎች ሁሉ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የልብ ደም ቧንቧ በሽታ ነው፤ 32 በመቶ። አንድ ሚሊዮን ሰው ማለት ነው። የሳንባ ምች 21 በመቶ፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ 19 በመቶ ላይ ናቸው። በሽታ በበሽታ ሲቆጠር ማድ ቤት ውስጥ ጭስ ከሁሉ በላይ የሚገድለው በልብ በኩል ነው። ይህን ከዚያ በፊት ብናውቅ ኖሮ ለእማማ የምንሰጠው ምክር ሌላ ይሆን ነበር።

እንዴት ነው የሚገድለው? ጭሱ ውስጥ ያለው ብናኝ ከጸጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። በአፍንጫ ተጣርቶ አይቀርም፤ እስከ ሳንባ ጫፍ ይወርዳል። እዚያ ሰውነት ጠላት የገባበት ያህል ይቆጣል፤ ቁጣው በደም በኩል መላ ሰውነትን ያዳርሳል፣ የቧንቧዎች ግድግዳ ይጎዳል፣ ደም ለመርጋት ይፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል። በዚያ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሽታ አልባ ጋዝ አለ፤ ቀይ የደም ሴልን ከኦክስጅን ሁለት መቶ ጊዜ ያህል በበለጠ ጥንካሬ ይይዛል። ልብ ብዙ ደም እየገፋ ጥቂት ኦክስጅን ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ15 ማይክሮግራም በላይ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር አይኑር ይላል፤ እንጨት የሚነድበት፣ ጭስ መውጫ የሌለው ማድ ቤት ውስጥ ልኬቱ በመቶዎች፣ ሲብስም በሺዎች ይቆጠራል።

«ይሄ ግምት ነው፤ ሰው ተቆጥሮ ታይቷል ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ እሰየው። ታይቷል። ቻይና ውስጥ ከ271 ሺህ በላይ የገጠር ሰዎችን ተከታትለው በ2018 ያወጡት ጥናት በእንጨትና በከሰል የሚያበስሉት በልብና በደም ቧንቧ በሽታ የመሞት ዕድላቸው በንጹሕ ኃይል ከሚያበስሉት በ20 በመቶ እንደሚበልጥ፣ ወደ ንጹሕ ኃይል የዞሩት ደግሞ አደጋቸው እንደሚቀንስ አሳየ። በ2019 አሥራ አንድ ሀገሮችን ያካተተ ሌላ ጥናት ልዩነቱን 8 በመቶ አካባቢ አደረገው። ጓቲማላ ተራሮች ላይ ደግሞ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ በዕጣ ተሰጥቷቸው የተለኩ ሴቶች የታችኛው የደም ግፊታቸው በ3 ነጥብ ያህል ወረደ፤ ኋላም የልባቸው ምት ንባብ ላይ የኦክስጅን እጥረት ምልክቱ ቀነሰ። ምድጃ ነው የተቀየረላቸው እንጂ ክኒን አልዋጡም።

ስምንትና ሃያ በመቶ ምን አላት፣ ሲጋራ እኮ እጥፍ ያደርጋል የሚል ቢመጣ ሒሳቡን እናሳየው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲጋራ የሚያጨሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ሴቶች ደግሞ ከነጭራሹ በጣት የሚቆጠሩ። በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት የሚያበስለው ቤት ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ነው። ትንሽ አደጋ ሁሉም ሰው ላይ ስትጫን ከትልቅ አደጋ ትበልጣለች። ዝርዝሩ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ፍራሚንግሃም ላይ ሒሳቡ የተገላቢጦሽ ነበርና።

አሁን ወደ ቡናችን። ወዳጃችን ቡና በመተው ልቡን ያዳነ መስሎታል። ክሱን እስቲ እንመርምረው። በ2006 ኮስታሪካ ላይ የተሠራ ጥናት ካፌይንን በዝግታ የሚያቃጥል ዘረመል ያላቸው ሰዎች በቀን አራት ስኒና ከዚያ በላይ ከጠጡ የሃርት አታክ አደጋቸው በ64 በመቶ እንደሚጨምር፣ በፍጥነት የሚያቃጥሉት ላይ ግን ምንም እንደሌለ አስነበበ። ዓለም ተንጫጫ። ደስ የሚለው ነገር በዚሁ ዘረመል ላይ ከኢትዮጵያውያን ደም አዲስ ነገር ያገኘች ኢትዮጵያዊት አለች። በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የምትሠራው ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲ.ዋይ.ፒ.1.ኤ.2 በተባለው በዚህ ዘረመል ላይ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ልዩነት በኢትዮጵያውያን ላይ አግኝተው አሳትመዋል። የቡና ሀገር ሰው ቡናን የሚያቃጥልበት መንገድ የራሱ መልክ አለው ማለት ነው። የኮስታሪካው ክስ ግን አልጸናም፤ በ2019 እንግሊዝ ውስጥ ከ347 ሺህ በላይ ሰዎችን ያየ ጥናት የዘረመሉን ልዩነት ማረጋገጥ አልቻለም። በቀን ከስድስት ስኒ በላይ ሲሆን ግን በጠቅላላው አደጋው ከፍ እንደሚል ተናግሯል። ከዚያ በታች ያለው ቡና በአብዛኛው ጥናት ነጻ ወጥቷል፤ እንዲያውም ለልብ ሳይጠቅም አይቀርም የሚሉ በርካታ ናቸው። ያልተጣራ፣ የተንፈቀፈቀ ቡና ኮሌስትሮልን ከፍ እንደሚያደርግ ኖርዌዮች ከ1980ዎቹ ጀምሮ አሳይተዋል፤ ይህ እውነት ነው፤ ጀበናውን ረጋ አድርጎ አተላውን ማስቀረት አይከፋም።

ከቡናው ይልቅ ቡናው ውስጥ የምንጨምረው ያሳስበናል። በደቡብ ምዕራብ ገጠር ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት ብዙ ነው። ቤንችና ሸኮ ላይ ጨሞ የሚባለውን የቡና ቅጠል መጠጥ ያልቀመሰ ሰው እዚያ ሀገር ሄጄ ነበር አይበል፤ ቃሪያውና ዝንጅብሉ ራስ ምታት ይነቅላል፣ ጨውም ይገባበታል። በ2015 እ.ኤ.አ. በመላ ሀገሪቱ የተደረገው የጤና ዳሰሳ ኢትዮጵያዊ አዋቂ በቀን ከ8 ግራም በላይ ጨው እንደሚበላ፣ ከስድስት አዋቂ አንዱ የደም ግፊት እንዳለበት አገኘ። የሚመከረው ከ5 ግራም በታች ነው። እማማም «ተለክቼ አላውቅም» ነበር ያሉት።

ቡናን ነጻ ካወጣን እሳቱ ይቀራል። እኛ የፈጠርነው ክስ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የተሳተፉበት ቡድን አዲስ አበባ ውስጥ ቡና በሚፈላባቸው ቤቶች መለኪያ አስቀምጦ ብናኙንና ካርቦን ሞኖክሳይዱን ለካ፤ ውጤቱም በ2010 ታተመ። ቡና የምታፈላዋ ሴት የምትተነፍሰው አየር ከጤና ልኬቶች በላይ ሆኖ ተገኘ። ከሰሉ አለ፣ የቡናው ቁሌት አለ፣ እጣኑ አለ። ይሄ እንግዲህ አዲስ አበባ ነው፣ መስኮት ባለበት ሳሎን። የሚዛኗን ማድ ቤት በእርጥብ እንጨት አስቡት፤ በቀን ሦስቴ፣ አርባ ዓመት።

«ባህላችንን ልትነኩ ነው» የሚሉ ወገኖች እዚህ ላይ ብድግ እንደሚሉ እናውቃለን። ተቀመጡ። ባህሉ ቡናው ነው፣ ጨዋታው ነው፣ ጎረቤት መጥራቱ ነው። ጥቀርሻን ባህል ያደረገው ማነው? እኛ የከተማ ልጆች የረከቦት ፎቶ እየለጠፍን «የእናቴ ቡና» እያልን ስናሞካሽ ከፎቶው ውጭ ሆና የምታራግበውን ሴት ዓይን አናይም። የጀበና ቡና በየመንገዱ ሲበዛም ያው ነው፤ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ሰሌን ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ከሰል ላይ ትደፋለች፣ እኛ ስኒያችንን ይዘን ስለ ኮሌስትሮል እናወራለን።

ጫቱን ሳንነካ ብናልፍ ደግሞ አድልዎ ይሆናል፤ ሚዛንና ቴፒ ላይ የተማሪ ፈተና ያለ ጫት አይታሰብም ነበር፣ እኛም ከዚያው ነን። የመን ውስጥ በ2002 የታተመ ጥናት ቃሚዎች ላይ ሃርት አታኩ የሚበዛው ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በምርቃና ሰዓት እንደሆነ አሳየ። በ2005 ደግሞ መቶ ሕመምተኞችን ከመቶ ጤነኞች ጋር አስተያይተው ከባድ ቃሚዎች ላይ አደጋው 39 እጥፍ ሆኖ አገኙት። ትንሽ ጥናት ነውና 39ን እንደ ቅዱስ ቁጥር አንይዘውም። እዚሁ ቡታጅራ ላይ በ2010 የታተመው ግን ዘወትር የሚቅሙ ሰዎች የታችኛው የደም ግፊታቸው ከፍ እንደሚል ያረጋግጣል። ይሄም በዝርዝሩ የለም፤ ፍራሚንግሃም ጫት አይቀመማ።

አንድ ሌላ አለ፤ ይሄኛው ከባድ ነው። ዴቪድ ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከ1986 ጀምሮ የልብ በሽታ በማህፀን ውስጥ ይጀመራል ብሎ ሲከራከር ብዙዎች ስቀውበት ነበር። ሳይመዝኑ የተወለዱ ሕፃናት አድገው በልብ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል ከድሮ የአዋላጅ መዝገብ አውጥቶ አሳየ። በ1944 እና 45 ሆላንድ ውስጥ በናዚ ከበባ ዘመን የተራቡ እናቶች የወለዷቸው ልጆች ላይም ያው ታየ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ራያ ቆቦ ሄደው በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ በማህፀን የነበሩ ሰዎችን አዋቂ ሆነው መረመሩ፤ ቦርጭ፣ ግፊት፣ ስኳርና የደም ቅባት ተደራርበው የሚመጡበት ሁኔታ በነሱ ላይ ከሌሎቹ በላይ ሆኖ አገኙት። ደርግ በዚያው ረሃብ ዘመን ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው አንስቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ አስፍሯል፤ ከፋና ኢሉባቦር ከመዳረሻዎቹ መካከል ነበሩ። ያን ጊዜ በማህፀን የነበረው ልጅ ዛሬ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ሃርት አታክ በር ማንኳኳት የሚጀምርበት ዕድሜ። ቡና ይለቅማል፣ በእንጨት የተቀቀለ ይበላል፣ ቡናውን በጨው ይጠጣል። ኮሌስትሮሉን ሳይሆን የእናቱን ረሃብ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። እሱን ነው እንግዲህ «የሀብታም በሽታ አይነካህም» የምንለው።

«የሀብታም በሽታ» የሚለው ወሬ አዲስ አበባ ላይ ከፈረሰ ቆይቷል። በየመካነ መቃብሩ የሚመዘገበውን ቀብር ይዘው፣ የሟቹን ቤተሰብ ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት እየጠየቁ ባደረጉት ጥናት ከ1998 እስከ 2001 ዓ.ም. አካባቢ ከሞቱት አዋቂዎች 51 በመቶው ተላላፊ ባልሆነ በሽታ የሞቱ ናቸው። ከሀብታም ሰፈር ብቻ የመጣ ሬሳ አልነበረም። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ግልገል ጊቤ ላይ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የገጠሩን ልደትና ሞት እየመዘገበ የሚያጠና ጣቢያ አለው። ይቻላል ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ክልል ከከተሞቹ ሁለቱ ላይ፣ ሚዛንና ቴፒ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ቀባሪ አለው፣ እድር አለው፣ የእድር መዝገብ አለው። የእድር ጸሐፊ ከማንም ቀድሞ ሞትን ይመዘግባል። «ምች» ተብሎ የተቀበረውን ቆፍሮ ማውጣት አይቻልም፤ የሚቀጥለውን ግን ቤተሰቡን ጠይቆ መጻፍ ይቻላል።

ምድጃውን በተመለከተ ራሳችንን አናታልል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላል የሀገራችን ሰው፤ ጭሱም ላይ ይሠራል። ማላዊ ውስጥ የተሻሻለ የእንጨት ምድጃ ለሺዎች ቤቶች አድለው በ2017 ባወጡት ውጤት የሕፃናቱ የሳንባ ምች አልቀነሰም። ጭሱ ከሌላ ሌላ ቦታም ይመጣል፣ ምድጃውም ይሰበራል። ስለዚህ ላቀችና ምርጥ ምድጃን አድሎ ፎቶ መነሳት በቂ ነው የሚል ካለ አይደለም። ጭስ ማውጫ፣ መስኮት፣ ደረቅ እንጨት፣ ከዚያም መብራት። መብራቱ የማይጠፋ መብራት።

ገንዘብ የለም እንዳትሉን። በ2017 በጀት ዓመት ሀገራችን ከቡና ወደ ውጭ ሽያጭ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። የበበቃና የቴፒ ቡና ባሕር ተሻግሮ በኤሌክትሪክ ማሽን ይፈላል። ፍሬው ሄዷል፣ ዶላሩ አዲስ አበባ ነው፣ ጭሱ ነው ለቀማ ለምትለቅመዋ የቀራት። እሷ ደግሞ ድንገት ብትታመም የተዘጋ የልብ ቧንቧ በሽቦ የሚከፍቱት ሆስፒታሎች በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው ያሉት፤ ከሚዛን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። የልብ ጡንቻ የሚሰጠው ጊዜ ሰዓታት ነው፤ አውቶቡሱ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

ቢያንስ ርካሹን እንጠይቅ። ካርዱ ላይ «ሲጋራ ታጨሻለሽ?» ከሚለው ቀጥሎ «በምን ታበስያለሽ?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር፤ የቀለሙ ዋጋ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሽንት ቤቱንና አጎበሩን ስትጠይቅ የማድ ቤቱን ጣሪያም ቀና ብላ ትየው፤ ግፊትም ትለካ። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው «ጨጓራዬ» እያለ ካላበውና ትንፋሽ ካጠረው ኢሲጂ ሳይነሳ ወደ ቤቱ አይመለስ። ሃርት አታክ ነው ተብሎ ሲጠረጠርም፣ አለርጂ ወይም የሚደማ የጨጓራ ቁስለት ከሌለበት፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ታኝኮ የሚዋጠው አስፕሪን ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ በታች ነው። በየጤና ኬላው ይኑር።

የቴፒው ወዳጃችን ይህን ረቂቅ ስናነብለት ዝም ብሎ ቆየና ስልኩን አነሳ። እናቱ ጋ ደወለ፤ ድምጹን ከፍ አድርጎ ሁላችንም ሰማን።

«እማዬ፣ ቡና በምንድነው የምታፈዪው?»

«በእንጨት ነዋ! በምን ላፈላ ኖሯል?» አሉት። «ደግሞ ቡና ትቷል አሉ። ምን ሆንክብኝ ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?»

ከበስተጀርባ ሲያስሉ ይሰማ ነበር።